ባህር ዳር ወይስ ማርቆስ? ኦንላይን ለሚሰራ ሰው የቱ ይሻላል

ጠያቂ፦
ሰላም ወገን እንዴት ናችሁ፣ እኔ ቪዲዮ ኤዲት ነው የምሰራው፣ ደንበኞቼ ኒውዮርክ ናቸው፣ የአዲስ አበባ ኪራይ ወገቤን ስለቆረጠው ወደ ጎጃም ልመለስ ነው። ቤተሰቦቼ ቢቸና ስለሆኑ ማርቆስ ይቀርበኛል ግን እውነቱን ለመናገር ልቤ ጣና ዳር ነው 😅 ስብሰባ የምንገባው ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፣ እነሱ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ ደግሞ 4 ይሆናል፣ ስለዚህ ማታ ማታ ኔትወርክ የሚቆራረጥ ከሆነ አለቀልኝ። የኖረበት ካለ ይንገረኝ።

የጣና ልጅ፦
ባህር ዳር ና ወንድሜ ምን ይጠየቃል። ከተማው ሜዳ ነው፣ ሳይክል ካለህ ባጃጅ አያስፈልግህም፣ ኤርፖርትም አለ፣ ሳፋሪኮምም ስላለ ሁለት ሲም ይዘህ አንዱ ሲያቅተው ወደ ሌላው መቀየር ነው። ስራህን ስትጨርስ ሐይቅ ዳር ወርደህ ዓሳህን ትበላለህ። ሙቀቱ ግን ከመጋቢት እስከ ግንቦት ቀልድ አይደለም፣ የኔ ላፕቶፕ ፋኑ እንደ ወፍጮ ነው የሚጮኸው፣ መስኮት ልክፈት ስትል ደግሞ ቢንቢው ይገባል፣ አጎበር ውስጥ ቁጭ ብዬ ስብሰባ የገባሁበት ቀን አለ ደንበኛው ካምፒንግ ነህ ወይ አለኝ 😂

መንቆረር፦
እኔ ማርቆስ 2 ዓመት ሰርቻለሁ። ብርዱን ከቻልክ ለስራ እሷ ናት፣ ጋቢ ደርበህ ቁጭ ነው፣ የሚጠራህም የሚያዘናጋህም የለም፣ አዲስ አበባም 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የአባይ በረሃን መንገድ ግን በክረምት አትመነው። የኔ ችግር ከተማው ሳይሆን ቆጣሪው ነበር። ግቢው ውስጥ አራት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ነን፣ እትዬ ሌሊት መብራቴን እያዩ "ይሄ ኮምፒተርህ ሲበላ ነው የሚያድረው" ብለው ከሁሉም በላይ እኔን ያስከፍሉኛል። ላፕቶፑ እኮ 60 ዋት ነው፣ የሳቸው የእንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል ብዬ ብምል ብገዘት ማን ይስማኝ። ሁለት ሰው እኩል ምጣድ የጣደ ቀን ደግሞ ቆጣሪው ቷ ይልና ራውተሬም ይሞታል። በኋላ የራውተሩን ቮልት አይቼ የሚስማማው አነስተኛ ባትሪ ገዛሁለት፣ ከዛ ወዲህ መብራት ቢጠፋም ስብሰባዬ አልተቋረጠም።

ዝምተኛው፦
ሁላችሁም የረሳችሁት ነገር አለ፣ ከ2015 ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ ወደ አንድ ዓመት ገደማ የሞባይል ዳታ ሲጠፋ ባህር ዳርም ማርቆስም ያው ነበሩ። ያኔ የሰራው ቤቱ የተዘረጋ መስመር ያለው ሰው ነው፣ እኔ ሲም ብቻ ይዤ ደንበኛዬን አጣሁ። ስለዚህ ቀብድ ሳትከፍል በፊት እዛው ግቢ ውስጥ ሆነህ መስመር ይገባል አይገባም ብለህ አጣራ፣ አከራዩ "ይገባል" ስላለህ እንዳታምን፣ ለኔም ሰውየው ይገባል ብሎኝ ምሰሶው ራሱ ሁለት መንገድ አልፎ ነው የቆመው። ፀጥታውንም መንገዱንም ሳትነሳ የዛኑ ሳምንት ደውለህ ጠይቅ።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። በቃ መጀመሪያ ማርቆስ ሄጄ ቤት ልይ፣ መስመር የሚገባበት ካጣሁ ወደ ባህር ዳር አልፋለሁ። @መንቆረር የግል ቆጣሪ ያለው ቤት የምታውቀው አለ እንዴ? እትዬ ግቢ ካልሆነ ብቻ 😂

መንቆረር፦
አለ፣ ኢንቦክስ ግባ። ጋቢህን እንዳትረሳ ብቻ።