ሴሉ ምልክት ስለያዘ ብቻ ስቴም ሴል ነው ይባላል?

ባዮተክ_ተማሪ፦ ሰላም ለሁላችሁም። ለሴሚናር የሆላንዳዊው ባዮሎጂስት የሃንስ ክሌቨርስ ላብ በ2007 (እ.ኤ.አ.) ያወጣውን ሥራ እያነበብኩ ነው። በአይጥ ትንሹ አንጀት ኤልጂአር5 የሚባለውን ጂን ኤክስፕረስ የሚያደርጉት (ጂኑ የሚሠራባቸው) ሴሎች ስቴም ሴል ናቸው፣ ማለትም ራሳቸውን እየተኩ ሌሎቹን የሴል ዓይነቶች ያፈራሉ ይላሉ። ሴሎቹ በጂኤፍፒ (አረንጓዴ በሚያበራው ፕሮቲን) አረንጓዴ ሆነው እየታዩ ክሪ የሚባለው ኢንዛይምና ታሞክሲፈን የሚባለው መድኃኒት ለምን አስፈለገ?

የላብ_ሰው፦ ጂኤፍፒው የሚያሳይህ ሴሉ አሁን ምን ላይ እንዳለ ነው። ሴሉ ተከፍሎ ልጁ ኤልጂአር5ን ሲያቆም አረንጓዴውም ቀስ በቀስ ይጠፋል፣ ከዚያ የማን ዘር እንደሆነ በምን ታውቃለህ? ክሪ ግን ዲኤንኤውን ራሱን ነው የሚቆርጠው። በሁለት ሎክስፒ (ክሪ የሚቆርጥባቸው የዲኤንኤ ቦታዎች) መሃል ያለው ማቆሚያ ተቆርጦ ሲወጣ ላክዚ የሚባለው የምልክት ጂን መሥራት ይጀምራል፣ ሴሉም ሲቀለም ሰማያዊ ይሆናል። ለውጡ ዲኤንኤ ላይ ስለሆነ ለልጅም ለልጅ ልጅም ይተላለፋል፣ ሴል በተከፈለ ቁጥር አይሳሳም። ታሞክሲፈኑ ደግሞ ሰዓቱን ለመምረጥ ነው። ክሪው ከተለወጠ የኢስትሮጅን ተቀባይ ጋር ስለተያያዘ መድኃኒቱ እስኪመጣ ኒውክለስ አይገባም።

ሂስቶ፦ ዋናው ነገር ጊዜው ነው ባይ ነኝ። የአንጀት ሽፋን ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ይታደሳል። ሥዕሎቹን ደህና አድርገህ እያቸው፦ መጀመሪያ ከክሪፕቱ (በአንጀት ሽፋን ላይ ካለው ትንሽ ጉድጓድ) ሥር፣ ፓኔት በሚባሉት ጀርም መከላከያ አመንጪ ሴሎች መሃል፣ ነጠላ ነጠላ ቀጫጭን ሰማያዊ ሴሎች አሉ፤ በ5ኛው ቀን ከሥሩ ተነስቶ እስከ ቪለሱ (እንደ ጣት ወደ አንጀቱ ውስጥ እስከሚወጣው የሽፋኑ ክፍል) የሚወጣ ሰማያዊ ጥብጣብ ታያለህ፤ በ60ኛው ቀንም ጥብጣቡ እዚያው አለ። ስቴም ሴል ባይሆኑ ኖሮ ምልክቱ ገና ድሮ ተጠርጎ በወጣ ነበር። ንፍጥ አመንጪው ጎብሌቱም፣ ፓኔቱም፣ ሌሎቹም ዓይነቶች ሰማያዊ ሆነው መገኘታቸውን አትለፈው።

የላብ_ሰው፦ ልክ ነው። ግን በአንድ ቀለም ብዙ ሴል ከተመታ (ምልክት ከገባበት) የጎረቤታሞች ዘር ይቀላቀላል፣ የአንዱን ሴል ዕጣ ለይተህ ማወቅ አትችልም። ወይ የታሞክሲፈኑን መጠን ዝቅ አድርገህ ጥቂት ሴል ብቻ ትመታለህ፣ ወይ ኮንፌቲ በሚባለው አይጥ እንደሚደረገው፣ እያንዳንዱ ሴል አንዱን በዕድል የሚይዝበት አራት ቀለም ትጠቀማለህ። በ2010 (እ.ኤ.አ.) ይኸው ላብ በኮንፌቲ ሲያይ፣ መጀመሪያ ዝንጉርጉር የነበረው ክሪፕት ከ1 እስከ 6 ወር ውስጥ ወደ አንድ ቀለም ሄደ። አንዱ ስቴም ሴል ሲጠፋ የጎረቤቱ ልጅ ቦታውን ይይዛል፣ ማን እንደሚያሸንፍ ደግሞ ዕድል ነው። እኔን በጣም የገረመኝ ይሄ ነው።

ባዮተክ_ተማሪ፦ አሁን ገባኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ስለ ኮንትሮል (ማነጻጸሪያው) ቢጠይቁኝስ?

ሂስቶ፦ ከሁሉ በፊት ታሞክሲፈን ያልተሰጠውን አይጥ አሳያቸው። እዚያ ሰማያዊ ከታየ ክሪው ያለ መድኃኒት እየሠራ ነው ማለት ነው፣ ምልክቱ መቼ እንደገባም ማወቅ አይቻልም።