የእድር መዝገብ ለናሙና ይሆናል? ሶሲዮሎጂ የተማራችሁ እርዱኝ

የሃይገር ተሳፋሪ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምማረው ኤ ሌቭል (የእንግሊዝ ሥርዓተ ትምህርት መሰናዶ) ነው። ከምወስዳቸው ሦስት ትምህርቶች አንዱ ሶሲዮሎጂ ነው። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሲሆን ትምህርት ቤቴ ከተማ መሃል ነው። ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል ከቤት እወጣለሁ፤ ማታ ስመለስ ሃይገር ውስጥ ቆሜ ነው የማነበው። ይህን የምነግራችሁ ሳልሞክር እንዳልመጣሁ እንድታውቁልኝ ነው።

መምህራችን በየአካባቢያችን አንድ ማኅበራዊ ተቋም መርጠን በአንድ የጥናት ዘዴ እንድናጠናና ከቲዎሪ ጋር እንድናያይዘው አዘዙን። እኔ እድርን መረጥኩ። እናቴ የእድሩ ገንዘብ ያዥ ስለሆነች መዝገቡ ቤታችን ነው ያለው። 100 አባላት ተጽፈዋል። በየአምስተኛው ስም ላይ ምልክት አደረግኩና 20 በር አንኳኳሁ። ስልታዊ ናሙና የሚባለው ይህ ነው።

"እድሩ በችግሬ ጊዜ ይደርስልኛል" ለሚለው ከ20ው ሰው 18ቱ "በጣም እስማማለሁ" የሚለውን አከበቡ። በጣም ደስ አለኝ። ፈረንሳዊው ሶሲዮሎጂስት ዱርካይም ስለ ማኅበራዊ ትስስር የተናገረው ልክ ነው ብዬ አራት ገጽ ጻፍኩ። ፈንክሽናሊዝም፣ ማርክሲዝም፣ ፌሚኒዝም፣ አንድም አልቀረኝም።

ወረቀቱ ሲመለስ ከግማሽ በታች ነው ያገኘሁት። ጠርዙ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ነገር ተጽፏል። አንዱ "ቲዎሪዎቹን ደርድረሻቸዋል እንጂ አላከራከርሻቸውም" ይላል። ሌላው "18 ከ20? ለምን?" ይላል።

ሰው መስማማቱ ምን ጥፋት አለው? ደግሞ ፖዚቲቪስቶች (ኅብረተሰብ በቁጥር ይለካል የሚሉት) መጠይቅ፣ ኢንተርፕሪቲቪስቶች (ሰው ለድርጊቱ የሚሰጠውን ትርጉም የሚፈልጉት) ደግሞ ጥልቅ ቃለ መጠይቅ እንደሚመርጡ በቃሌ አውቃለሁ። ለምን እንደሚመርጡ ግን እውነቱን ለመናገር አልገባኝም። ፈተናው ግንቦት ላይ ነው። እባካችሁ።

በር አንኳኪዋ

እህቴ፣ እኔ ሶሲዮሎጂ አልተማርኩም። ግን ቤት ለቤት እየዞርኩ የጥናት መረጃ ስሰበስብ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ድሮ በወረቀት ነበር፣ አሁን በታብሌት ነው።

ጽሑፍሽን ሳነብ "እናቴ ገንዘብ ያዥ" የሚለው ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። የገንዘብ ያዥዋ ልጅ በር አንኳኩታ "እድሩ ይደርስልዎታል?" ስትል ማን ነው "አይ፣ አይደርስልኝም" የሚላት? ማታ ለእናቷ ትነግራለች ብለው ያስባሉ። ባትነግሪም ያስባሉ። እኔን የገረሙኝ እንዲያውም ያላከበቡት ሁለቱ ናቸው። እነሱን ብታገኚያቸው ብዙ ይነግሩሻል።

ሌላው "ተመስገን" ነው። ኑሮ እንዴት ነው? ተመስገን። ጤና? ተመስገን። ውሃ ይመጣል? በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፣ ተመስገን። ሰዉ እየዋሸ አይደለም። እንግዳ ፊት ማማረር ነውር ነው፣ ምስጋናውም ከልብ ነው። ከ1 እስከ 5 ባለው መለኪያ ላይ ስታሰፍሪው ግን ሁሌም 5 ይሆናል።

አንድ ጊዜ አቃቂ በኩል አንዲት እናት ስለ ቤት ወጪ ጠየቅኩ። በር ላይ ቆመን "እንበላለን፣ እንጠጣለን፣ ምን ጎደለን" አሉኝ። ሞልቼ ላክሁት። ከዚያ ቡና ሳትጠጪ አትሄጂም ብለው አስቀመጡኝ። አቦሉ ላይ ስለ ልጆቻቸው ተጫወትን። ቶናው ላይ ስለ ቤት ኪራይ። በረካው ሲቀዳ ሲኒውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ባለፈው ወር ዘይት አልገዛሁም" አሉኝ። ታብሌቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

የትኛውን ትጽፊያለሽ? ያንን ቤት ከሌላው ሺህ ቤት ጋር ለማነጻጸር የበሩ መልስ ይጠቅማል፤ ሁሉም በአንድ ዓይነት ቃል፣ በአንድ ዓይነት ሁኔታ ተጠይቋልና። የእሳቸውን ቤት ለማወቅ ከሆነ ግን የበረካው ነው። እኔ ዛሬም ድረስ ያቺን ቀን አልረሳትም።

የቀለም አባት

ልጄ፣ በር አንኳኪዋ የነገረችሽን በደንብ ያዢው። ብዙ ዓመት ያስተማርኩትን ነው በአንድ ሲኒ ያስቀመጠችው። በትምህርቱ ቋንቋ የበሩ መልስ ተአማኒነት (ሪላያቢሊቲ) አለው፤ ያው መጠይቅ በዚያው ሁኔታ ቢደገም ያው መልስ ይገኛል። የበረካው መልስ ተገቢነት (ቫሊዲቲ) አለው፤ ሊታወቅ የተፈለገውን ነገር በእርግጥ ይነካል። የአንቺ 18 ተአማኒ ነው። እናትሽ ገንዘብ ያዥ እስከሆነች ድረስ ነገም ብትሄጂ 18 ታገኛለሽ።

አሁን ወደ "ለምን ይመርጣሉ" እንሂድ። ዱርካይም እ.ኤ.አ. በ1897 ያሳተመውን ራስን ስለ ማጥፋት ያጠናውን ጥናት አስቢ። ሰው ለብቻው የሚያደርገው የሚመስለን ነገር እንኳ ከእሱ ውጭ ያለ ማኅበራዊ መንስኤ አለው ብሎ ተነሳ። እንዲህ ብሎ ያመነ ሰው ግለሰቡን ምን ብሎ ይጠይቀዋል? መንስኤውን ግለሰቡ ራሱ አያውቀውም። ስለዚህ ዱርካይም ከመንግሥታት መዝገብ ቁጥር ሰብስቦ አነጻጸረ። ፕሮቴስታንቶች ዘንድ ከካቶሊኮች ይልቅ ቁጥሩ ከፍ ብሎ አገኘው። ትስስራቸው የላላ ስለሆነ ነው አለ።

እ.ኤ.አ. በ1967 ጃክ ዳግላስ የተባለ አሜሪካዊ ሶሲዮሎጂስት ተነስቶ ቁጥሮቹን ማን ጻፋቸው ብሎ ጠየቀ። የሞቱን ምክንያት መርምሮ የሚወስነው ሰው ነው። ቤተሰብ አለ፣ ሐፍረት አለ፣ ይሉኝታ አለ። ትስስሩ በጠበቀ ማኅበረሰብ ውስጥ የሚሸፍን ዘመድም ይበዛል። እንግዲያው ትስስሩ የቀነሰው ሞቱን ሳይሆን የተመዘገበውን ቁጥር ሊሆን ይችላል። ልቅሶ ቤት ተቀምጠሽ ታውቂያለሽ። "በድንገት ነው" ከተባለ ማንም ሁለተኛ ጥያቄ አያነሳም። ዳግላስ የሚያወራው ስለዚያ ዝምታ ነው።

አየሽ፣ ፖዚቲቪስቱ ዱርካይምና ኢንተርፕሪቲቪስቱ ዳግላስ የተጣሉት በዘዴ ብቻ አይደለም። ኅብረተሰብ ምንድን ነው በሚለው ነው የተጣሉት። ጀርመናዊው ሶሲዮሎጂስት ቬበር ደግሞ ጥሩ ጥናት መንስኤውንም፣ ሰዎች ለድርጊታቸው የሚሰጡትንም ትርጉም ይፈልጋል ይላል። እሱን ጨምሪበት።

ማከራከር የተባልሽውም ይኸው ነው። ከእድሩ አንዲት ነገር ብቻ ምረጪ፣ ለምሳሌ ቀብር ለቀረ የሚጣለውን ቅጣት። ፈንክሽናሊስቱ (እያንዳንዱ ተቋም ለኅብረተሰቡ የሚሰጠውን ጥቅም የሚያየው) ቅጣቱ የጋራ ደንቡን ለሁሉም ያስታውሳል ይልሻል። ማርክሲስቱ ቅጣቱን ከፍሎ ሥራው ላይ የሚውለው ማን ነው፣ የቀን ደመወዙን ትቶ የሚመጣውስ ማን ነው ብሎ ይይዘዋል። ፌሚኒስቷ ድንኳን ተክለው የተቀመጡትን ወንዶች ታይና ወጥ ቤት ገብታ ሴቶቹ ስንት ሰዓት እንደቆሙ ትቆጥራለች። በዚች ብቻ አንድ ገጽ ተኩል ይወጣሻል።

አንድ የቀረኝ አለ። መዝገቡ ላይ ያልተጻፈው ማን ነው? በኮንዶሚኒየም ተከራይ ብዙ ነው።

የሃይገር ተሳፋሪ (ጠያቂ)፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የመጨረሻዋ ጥያቄዎ እንቅልፍ ነሳችኝ። መዝገቡ ላይ የሌለ ሰው መኖሩን እንኳ አላሰብኩም ነበር።

እናቴን "ተከራዮች ለምን አልገቡም?" አልኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። "መመዝገቢያው ለአዲስ ሰው ይከብዳል፣ ደግሞም ነገ ይለቃሉ" አለችኝ። ከዚያ ቢላዋውን አቆመች። "እኛም ቄራ ተከራይተን ሳለን አልነበርንበትም" አለችና መክተፏን ቀጠለች።

ከጎረቤቶቻችን አንዲት ተከራይ አለች። (እዚህ ላይ ብሎኩን፣ ፎቁንና ሥራዋን ጽፌ ነበር። አጥፍቼዋለሁ። ምክንያቱን ከታች ታያላችሁ።) ቅዳሜ ከሰዓት ሄድኩ። ስለ እድር እያጠናሁ እንደሆነ ነገርኳት፣ ወረቀት ግን አልያዝኩም። ልጇን የሒሳብ የቤት ሥራ እያሳየሁት እሷ ቡናውን ቆላች። መጀመሪያ "እድሩ ጥሩ ነው ሲሉ እሰማለሁ፣ ተመስገን" አለች። በር አንኳኪዋን አስታወስኩና ዝም አልኩ።

በረካው ላይ ነገረችኝ። ባለፈው ዓመት ወንድሟ ክፍለ ሀገር ሞተ። መርዶው የመጣላት እዚህ ነው። ድንኳን አልተተከለም፣ የእድሩ ወንበርም አልወጣም። ሴቶቹ ግን መጡ። አንዷ እንጀራ፣ አንዷ ሽሮ ይዛ መጣች። አንዷ ከቤቷ ሦስት የፕላስቲክ ወንበር ደረጃውን ተሸክማ ወጣች። ሦስት ቀን ሙሉ እየተፈራረቁ አብረዋት አደሩ። "አንዷ እናትሽ ነበረች" አለችኝ። አላውቅም ነበር። ያን ሰሞን በሬን ዘግቼ ለፈተና እያጠናሁ ነበር።

ቤት ገብቼ መጠይቄን አወጣሁት። ጥያቄ 1 "የእድር አባል ነዎት?" ይላል። ከስሩ "አይደለሁም ካሉ እዚህ ላይ ያቁሙ" ብዬ በራሴ እጅ ጽፌአለሁ። ስለ ትስስር አጠናለሁ ብዬ የለካሁት አባልነትን ነው። ዱርካይም ተሳስቷል አልልም። እንዲያውም ትስስሩ እኔ ካሰብኩት በላይ ነው፣ ግን መዝገብ ውስጥ አልተገኘም። አዲሱን ጽሑፍ እንዲህ ልጀምረው አስቤአለሁ። ይሆናል?

ሁለተኛ ዓመት ማስተርስ

ይሆናል፣ በጣም ጥሩ አጀማመር ነው። ግን በፈተናው ላይ የሰፈርሽ ታሪክ ምሳሌ እንጂ ማስረጃ አይሆንልሽም። አጠገቡ የታወቀ ጥናት አስቀምጪ። አሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት ዊልያም ፉት ዋይት ቦስተን ውስጥ በጣልያን ስደተኞች ሰፈር እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ ሦስት ዓመት ያህል ኖሮ በ1943 ያሳተመው አለ። ዶክ ብሎ የጠራው የሰፈሩ ልጅ ጥያቄ ማብዛቱን እንዲተው፣ አብሮ ከዋለ ሳይጠይቅ መልሱን እንደሚያገኘው መክሮታል። አንቺ ቅዳሜ ዕለት ያደረግሽው እሱን ነው። ድክመቱንም አንሺ። አንዲት ሴት ናት፣ ስለ ሌሎቹ ተከራዮች ማጠቃለል አትችይም።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። ብሎኳን፣ ፎቋንና ሥራዋን ጽፈሻል። የሰፈራችሁ ሰው ይህን ቢያነብ ማን እንደሆነች በአንድ ደቂቃ ያውቃል። የነገረችሽ ለቡና የመጣች የጎረቤት ልጅ ብላ ነው። ያለችው እንደሚጻፍ ታውቃለች? አሁኑኑ አጥፊው፣ ከዚያ ሄደሽ ጠይቂያት።

የሃይገር ተሳፋሪ (ጠያቂ)

አጥፍቼዋለሁ። በጣም አፈርኩ። በመረጃ ላይ የተመሠረተ ፈቃድ የሚለውን ለፈተና በቃሌ ይዤው ነበር።

ትናንት ማታ ሄጄ ነገርኳት። ምን እንደጻፍኩ፣ የት እንደጻፍኩ፣ ምን እንዳጠፋሁ። ዝም ብላ ሰማችኝ። "ጻፊው" አለችኝ። "የኔን ስም ተዪው። የሱን ግን ጻፊልኝ። ሲሞት እዚህ ስሙን የጠራ የለም።"

ምን ልበላት?

በር አንኳኪዋ

እህቴ፣ የሱ ስም ከተጻፈ የሷም እንደሚታወቅ ንገሪያት። ቸኩለሽ እምቢ አትበያት። ደጋግመሽ አስረጃት፣ ራሷ ትወስን።

የሃይገር ተሳፋሪ (ጠያቂ)

ነገርኳት። ጽሑፉ ላይ "የአንዲት ተከራይ ወንድም" ብቻ እንዲባል ተስማማን። የማስታወሻ ደብተሬን ግን ተቀበለችኝ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስሙን ከነአባቱ በእጇ ጻፈችው። ደብተሩ ከቤት አይወጣም።