«ጉዳት ያልተመዘገበበት ወር» ቦነስ በማዕድን ማውጫ ይቀጥል ወይስ ይቁም?

የክርክሩ ጥያቄ፦ አንዳንድ የማዕድን ድርጅቶች አንድ ወር ሠራተኛን ከሥራ ያስቀረ ጉዳት ሳይመዘገብ ካለፈ ለመላው ቡድን ቦነስ ይከፍላሉ። ይህ አሠራር ሕይወትን ይጠብቃል ወይስ ጉዳትን ያስደብቃል?

የምርት ክፍል ኃላፊ፦ ይቀጥል የሚል አቋም አለኝ። ቀድሞ የራስ ቁርና መነጽር የሚደረገው ተቆጣጣሪ ሲመጣ ብቻ ነበር፤ ቦነሱ ከተጀመረ ወዲህ ግን ሠራተኛው ራሱ ጓደኛውን «ቁርህን አድርግ» ይለዋል። ክፍያ በምርት መጠን ብቻ ሲታሰብ ሰው የሚጣደፈው ለቶኑ ስለሆነ፣ ጥንቃቄም ዋጋ ሊኖረው ይገባል።

የከርሰ ምድር ሠራተኛ፦ ስለ ራስ ቁሩ የተናገሩት እውነት ነው፤ እኔም አይቼዋለሁ። ነገር ግን ቦነሱ የሚከፈለው ጉዳት ስላልደረሰ ሳይሆን ስላልተመዘገበ መሆኑን ልብ ይበሉልኝ። ቀደም ሲል በሠራሁበት ማውጫ ጣቴ በማጓጓዣው ቀበቶ ሮለር ተይዞ ሲሰበር፣ ወሩ ሊያልቅ አራት ቀን ብቻ ቀርቶት ስለነበር ፎርማኑ ቢሮ ተቀምጬ ወረቀት እንዳገላብጥ አደረገኝ፤ ከሥራ ስላልቀረሁም ጉዳቱ ሳይቆጠር አለፈ። ከሕመሙ ይልቅ የከበደኝ በዚያ ገንዘብ የቤት ኪራይ ሊከፍሉ ያሰቡትን ጓደኞቼን ዓይን ማየት ነበር። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ እኔው ራሴ ግን ስብራቴን እንደ ዕዳ ቆጠርሁት። ጉዳቱ ስላልተመዘገበ መርማሪ አልመጣም፣ ሮለሩም ያለ መከለያ መሽከርከሩን ቀጠለ።

የደኅንነት መሐንዲስ፦ እኔ የምቃወመው ቦነሱን ሳይሆን መለኪያውን ነው። በማዕድን ሥራ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚገድለው አደጋ በተሰበሩ ጣቶች ቁጥር አይታወቅም። ሚቴን የተባለው ተቀጣጣይ ጋዝ ከአየሩ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲደርስ በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል፤ 4 በመቶ ላይ ሳለ ግን ማንም ስለማይቆስል የጉዳት መዝገቡ ንጹሕ ነው፣ ቦነሱም ይከፈላል። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ፣ አፐር ቢግ ብራንች በተባለው የድንጋይ ከሰል ማውጫ ፍንዳታ 29 ሠራተኞች ከሞቱ በኋላ፣ የመንግሥት መርማሪዎች ድርጅቱ ሁለት ዓይነት መዝገብ ይይዝ እንደነበር ደርሰውበታል፦ አንዱ ጉድለቶች የሰፈሩበት የውስጥ መዝገብ፣ ሌላው ለተቆጣጣሪ የሚታየው። የድንጋይ ብናኝ የሚያመጣው ሲሊኮሲስ የተባለው የሳምባ በሽታ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ስለሆነ፣ ሳምባው የሚጎዳው ሰው «ጉዳት በሌለበት» ወር ሁሉ ቦነስ ሲቀበል ይኖራል። ስለዚህ ክፍያው ከጋዝና ከብናኝ ልኬት፣ ከጣሪያ ድጋፍ ፍተሻ፣ እንዲሁም የተጠቆመ ጉድለት ከተጠገነበት ፍጥነት ጋር ይያያዝ።

የምርት ክፍል ኃላፊ፦ በጣቱ የደረሰውን ስሰማ አዝኛለሁ፤ ክፍያው በቡድን መሆኑ ሰውን ዝም እንደሚያሰኝም አሁን ተረድቻለሁ። ሆኖም ለጥቆማ ገንዘብ ከተከፈለ ተራው ጥቆማ ከባዱን ይሸፍነዋል፤ በየጥቆማው ሥራ የሚቆም ከሆነም ማውጫው ጨርሶ አይሠራም።

የከርሰ ምድር ሠራተኛ፦ ጥቆማ እንዲሸጥ አልጠየቅሁም፤ የጠቆመ እንዳይቀጣ እንጂ። እ.ኤ.አ. በ1995 የጸደቀው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት 176ኛ ስምምነት ለማዕድን ሠራተኛ አደጋን ለአሠሪውና ለመንግሥት አካል የማሳወቅ፣ በበቂ ምክንያት ከባድ አደጋ አለ ብሎ ሲያምን ከቦታው የመውጣት፣ የደኅንነት ተወካዩንም ከባልደረቦቹ ጋር የመምረጥ መብት ይሰጠዋል። ጣሪያው ሲንቋቋ ሰምቶ ሰዎቹን ይዞ የወጣ ፎርማን ዛሬ የሚጠየቀው ስለጎደለው ቶን ነው፤ ይህ ሳይለወጥ የቦነሱን ቀመር መቀየር ብቻውን አያድነንም።

የደኅንነት መሐንዲስ፦ እስማማለሁ። የተራውንና የከባዱን ጥቆማ ልዩነት ፎርማኑ ብቻውን መወሰኑ ይቅርና፣ ሠራተኞች የመረጡት ተወካይ አብሮ ይፈርምበት፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ቦታው እስኪፈተሽ ድረስ ሰው አይግባበት።

የምርት ክፍል ኃላፊ፦ ፍተሻው በዚያው ሺፍት የሚያልቅ ከሆነ እቀበላለሁ።

የከርሰ ምድር ሠራተኛ፦ በሺፍቱ ካላለቀስ?

የምርት ክፍል ኃላፊ፦ የቀጣዩ ሺፍት ሠራተኞች ወደዚያ ቦታ አይወርዱም።