«ጠረጠረ» እና «ተጠራጠረ»፦ የፈላስፋውን ጥርጣሬ በየትኛው ግስ እንጥራው?

ጥያቄ፣ ከባሕር ዳር

የተከበራችሁ የቋንቋ ወዳጆች፣ እዚህ ባሕር ዳር በጣና ዳርቻ እየተገናኘን የፍልስፍና ጽሑፎችን በአማርኛ የምንወያይባቸው ጥቂት መምህራን አለን። አሁን የያዝነው ፈረንሳዊው ሬኔ ዴካርት እ.ኤ.አ. በ1641 በላቲን ያሳተማቸውን አስተንትኖዎች ነው። ዴካርት ጥቂት እንኳ የሚያጠራጥረውን ሁሉ እንደ ሐሰት ቆጥሮ ወደ ጎን ይተውና፣ ከዚያ በኋላ ሳይናወጥ የሚቀር ነገር ይኖር እንደሆነ ይፈልጋል። ይህን አካሄድ «የጥርጣሬ ዘዴ» ብለን ስንጠራው ከመካከላችን አንዱ «ጠርጥር፤ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር» የሚለውን ተረት ጠቅሶ፣ አባቶቻችን ነገሩን ቀድመው ብለውታል አለ፤ አንዲት ባልደረባችን ግን ተረቱና ፈላስፋው አይገናኙም ብላ አጥብቃ ተከራከረች። የማናቸው ሐሳብ ይቀናል? ደግሞስ ዴካርት የሚፈልገውን «እርግጠኛ ዕውቀት» እንበለው ወይስ «እርግጥ የሆነ ዕውቀት»?

መልስ

ወንድሜ፣ ባልደረባችሁ ትክክል ናት ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ያለው በግሱ ውስጥ ነው። አማርኛ ከአንዱ ሥር ሁለት ግሶችን አብጅቷል፤ ሁለቱም የሚሠሩት ሥራ የተለያየ ነው። «ዘበኛውን ጠረጠረው» ስንል ጠርጣሪው ወደ አንድ ወገን አዘንብሏል፤ ማስረጃ ይጎድለዋል እንጂ ክፉው ነገር ተደርጎ ይሆናል የሚለውን በልቡ ተቀብሏል። ፖሊስና ፍርድ ቤት «ተጠርጣሪ» የሚሉትም በዚሁ ትርጉም ነው። «ተጠራጠረ» ግን ሐሳብ ወዲያና ወዲህ መመላለሱን ይናገራል፤ «እውነት መሆኑን እጠራጠራለሁ» የሚል ሰው እውነት ነው ለማለት አልደፈረም፤ ሐሰት ነው ብሎም ገና አልፈረደም።

ልዩነቱ በመጽሐፍ ቅዱሳችን አማርኛ ጎልቶ ይታያል። ጴጥሮስ በባሕር ላይ ሲሄድ ነፋሱን አይቶ መስጠም በጀመረ ጊዜ የተጠየቀው «ስለምን ተጠራጠርህ?» ተብሎ ነው (ማቴ. 14፥31)። «ስለምን ጠረጠርህ?» ቢባል ኖሮ ጴጥሮስ በአንድ ሰው ላይ ክፉ ሐሳብ እንዳሳደረ እንሰማው ነበር። የማያምኑትን ነገር ያየ ሰውም «ዓይኔን ተጠራጠርሁ» ይላል፤ «ዓይኔን ጠረጠርሁት» የሚል አማርኛ ተናጋሪ ግን አልሰማሁም። የጥንት ፈላስፎች የስሜት ሕዋሳትን ሲመረምሩ አዘውትረው የሚያነሡትን ምሳሌ እናንተ ከተቀመጣችሁበት ሆናችሁ ማየት ትችላላችሁ፤ ታንኳ ላይ ያለ ቀዛፊ ዘንጉን ወደ ጣና ሲሰድደው፣ ብርሃን ከውሃ ወደ አየር ሲያልፍ አቅጣጫውን ስለሚለውጥ፣ ዘንጉ ከውሃው ወለል ላይ የተሰበረ ይመስላል። ቀዛፊው በዓይኑ ላይ የሚያቀርበው ክስ የለም፤ ዓይኑ ያሳየው ነገር በእርግጥ እንደዚያ መሆኑን ግን ሊጠራጠር ይችላል።

አሁን ወደ ተረቱ እንመለስ። ተረቱ የሚያዝዘው በ«ጠረጠረ» ነው፤ ደግሞም «አለ ስንጥር» ብሎ ስንጥሩ መኖሩን ራሱ ይናገራል። የጥንቃቄ ምክር ነው፤ ለስላሳ በመሰለው ነገር ውስጥ የሚወጋ እንዳለ የሚያውቅ ሰው ገና ላላወቀው የሚሰጠው ምክር ነው። ዴካርት ስንጥር አለ አይልም። የሚለው፣ ስንጥር አለመኖሩ እስኪታወቅ ድረስ «ይህ ንጹሕ ነው» ብዬ አልመሰክርም ነው። ይህም ፍርድን ማቆየት እንጂ ክፉ መጠበቅ አይደለም። እርሱ ራሱ ይህን ምርመራ በሕይወት አንድ ጊዜ የሚደረግ አድርጎ ነው የሚያየው፤ እ.ኤ.አ. በ1637 ባሳተመው ድርሳኑም ምርመራው እስኪያበቃ ለዕለት ኑሮው የሚመራበትን ጊዜያዊ ግብረ ገብ አስቀምጧል። ስለዚህ «ጠርጣራ» ብንለው እንበድለዋለን።

ችግሩ «ጥርጣሬ» የሚለው ስም ለሁለቱም ግሶች ማገልገሉ ነው። «ጥርጥር» ደግሞ ዛሬ ከአሉታ ጋር ካልሆነ ብዙ አይነገርም፤ «ያለ ጥርጥር»፣ «ጥርጥር የለውም» እንላለን፤ «ጥርጥር አለኝ» ግን ለጆሮ ይከብዳል። በእኔ አስተያየት «የመጠራጠር ዘዴ» ብትሉ ስሙ ከትክክለኛው ግስ ጋር ይተሳሰራል።

ሌላ መልስ፣ ከግእዝ ተማሪ

መምህር፣ በነገሩ እስማማለሁ፤ አንድ ነገር እንድጨምር ይፈቀድልኝ። በግእዝ «ናፈቀ» ማለት ተጠራጠረ፣ በሁለት ሐሳብ ሆነ ማለት ነው፤ ዘመዱ «መንፈቅ» ግማሽ ማለት ስለሆነ «መንፈቀ ሌሊት» እንላለን። «መናፍቅ»ም ልቡ የተከፈለ ማለት ነበረ። በአማርኛችን ግን «ኑፋቄ» ከሃይማኖት መውጣት ሆኖ ስለ ቀረ፣ ለፈላስፋው መጠራጠር ብንጠቀምበት አንባቢው ሳይመረምር ያወግዘዋል።

በአንጻሩ ልንመልሰው የሚገባን ቃል «ሐተታ» ይመስለኛል። በግእዝ «ሐተተ» ማለት መረመረ፣ ጠየቀ ነው፤ ዛሬ «ሐተታ አታብዛ» ሲባል ግን ምርመራው ወጥቶ የንግግር ርዝመት ብቻ ቀርቷል፤ ይህም ያሳዝነኛል። የዘርዓ ያዕቆብ ሐተታ የተባለው የግእዝ ጽሑፍ ተራኪ ብዙ ዘመኑን የኖረው ከእናንተ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በእንፍራዝ ነው። ጽሑፉን በእርግጥ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያዊ ደረሰው ወይስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያ የነበረው ጣሊያናዊው ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚለው ክርክር፣ ጣሊያናዊው የኢትዮጵያ ጥናት ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ካነሣው ወዲህ በሊቃውንት መካከል ቀጥሏል። የጻፈው ማንም ይሁን፣ ፈረንጆቹም ግብጻውያኑም እያንዳንዳቸው የእኔ ሃይማኖት ነው የቀናው ሲሉ በመካከላቸው ዳኛ የሚሆነው ማን ነው ብሎ የሚጠይቅበት ቦታ፣ ቃሉ በሙሉ ኃይሉ ሥራ ላይ የዋለበት ነው። መጠራጠር መነሻ ከሆነ፣ እርግጡን ፍለጋ «ሐተታ» ብንለው ቃሉ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

የመጀመሪያው መላሽ

እግዜር ይስጥልኝ፣ «ሐተታ»ን እኔም እደግፋለሁ። ጠያቂው ወዳነሡት ወደ ሁለተኛው ጉዳይ ልለፍ። «እርግጠኛ» በመሠረቱ የሰው ቅጽል ነው፤ «እርግጠኛ ነኝ» የምለው ስለ ልቤ ሁኔታ ነው፤ ልቤም ሊሳሳት ይችላል። «እርግጥ ነው» ስል ግን የምናገረው ስለ ነገሩ ነው። ጋዜጦች «እርግጠኛ መረጃ» እያሉ ሁለቱን ቢያቀላቅሉም፣ ለዚህ ርእስ ልዩነቱ ዋና ነገር ነው፤ እርግጠኝነት ግትር ሰው ሁሉ ያለው ሀብት ሲሆን፣ ፈላስፋው የሚደክመው ነገሩ ራሱ እርግጥ የሚሆንበትን ምክንያት ለማግኘት ነው። ስለዚህ «እርግጥ የሆነ ዕውቀት» በሉት።

ጥያቄ፣ ከባሕር ዳር

እናመሰግናለን፤ የመጨረሻ ጥያቄ አለን። «አስባለሁ፤ ስለዚህ አለሁ» በሚለው የዴካርት ቃል ላይ አንዱ ባልደረባችን በ«አለሁ» ፈንታ «ነኝ» ይሁን አለ።

መልስ

«ነኝ» ምን እንደሆንሁ ይጠይቃል፤ መምህር ነኝ፣ ጤነኛ ነኝ ይባላል። መኖርን ብቻ የሚናገረው «አለ» ስለሆነ «አለሁ» ይጽና። በአማርኛ ደግሞ ሌላ የሚያስደንቅ ነገር አለ፤ «አስባለሁ» ራሱ «አስብ» እና «አለሁ» ተጋጥመው የሆኑት ቃል ነው፤ መደምደሚያው በመነሻው ውስጥ ተቀምጧል። ነገር ግን ይህን እንደ ማስረጃ አትቁጠሩት፤ «እሄዳለሁ»ም «አለሁ»ን ይዟልና። የዴካርት ዘመነኛ የነበረው ፈረንሳዊው ፈላስፋ ፒየር ጋሳንዲ ለዴካርት ያቀረበው ተቃውሞ ከዚሁ ጋር ይቀራረባል፤ መኖርህን ከማናቸውም ሥራህ ልታውቀው ትችል ነበር ብሎታል። ዴካርት የመለሰው፣ መሄዴን በሕልም ሳልሄድም ላየው ስለምችል መሄዴ ራሱ እርግጥ አይደለም፤ የምሄድ የሚመስለኝ መሆኑ ግን ሐሳብ ስለሆነ ልጠራጠረው አልችልም ብሎ ነው። ልዩነቱ «እሄዳለሁ» እና «የምሄድ ይመስለኛል» በሚሉት መካከል ያለው ነው፤ የሚቀጥለውን ንባባችሁንም ከዚህ «ይመስለኛል» ብትጀምሩት መልካም ነው።