ጣና ላይ የሆነ አጭር የድሮ ዘመን የፍቅርና የምስጢር ታሪክ አንብባችሁ ታውቃላችሁ?

ተረኛዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ባህር ዳር ነኝ። ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው፣ በሳምንት ሦስት ሌሊት ተረኛ ነኝ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት በኋላ ሰው ጭር ይላል፣ ያኔ አነባለሁ። ረጅም መጽሐፍ አይሆንልኝም። አንድ አባት ለልጁ የትኩሳት መድኃኒት ሊገዛ ገብቶ እስኪወጣ ድረስ ታሪኩ ይጠፋብኛል። አጭሩ ግን በአንድ ተራ ተጀምሮ ያልቃል። ከሁሉም የምወደው ደግሞ የድሮ ዘመን ሆኖ ፍቅርም ምስጢርም ያለበትን ነው። ማን ማንን ወደደ፣ ማን ማንን ገደለ፣ ደብዳቤውን ማን ደበቀው፣ እንዲህ ያለውን።

ባለፈው ወር ጊዮርጊስ አካባቢ መንገድ ዳር ከሚሸጡ አሮጌ መጻሕፍት መሀል አንዲት ስስ መጽሐፍ ገዛሁ። ሽፋን የላትም። ስለዚህ ርእሷንም ደራሲዋንም አላውቅም። ዘመኑ ጎንደር ነው። አንዲት የጠጅ ጣይ ልጅ አለች፣ አንድ ወጣት ጸሐፊ አለ፣ ከዕቃ ቤት የጠፋ የወርቅ መስቀል አለ። ልቤ ተንጠልጥሎ ነው ያነበብኳት። መጨረሻ ላይ ልጅቷ መስቀሉን የወሰደውን ሰው ልትነግረው አፏን ስትከፍት ገጹን ገለጥኩ፤ የመስፊያው ክር ብቻ ነው ያለው። ቅጠሎቹ ተገንጥለው ወድቀዋል። ያን ሌሊት እስኪነጋ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። እስካሁንም ሌባው ማን እንደሆነ አላውቅም።

የምጠይቃችሁ፣ አማርኛ ውስጥ እንዲህ ያለ አጭር ነገር ምን አለ? ደግሞስ ጣና ዳር ተወልጄ አድጌ ጣና ላይ የሆነ እንዲህ ያለ ታሪክ ያላየሁት ስለሌለ ነው ወይስ ስላልፈለግኩ? ሌላው ደግሞ የሚያስጨንቀኝ፣ የእኛ የፍቅር ታሪክ ሁልጊዜ በሞት ነው የሚያልቀው። ሁለት ሰዎች ተዋደው፣ መከራ አይተው፣ በመጨረሻ አብረው ቡና ሲጠጡ ማየት እፈልጋለሁ። ጓደኛዬ ታሪክ ከፈለግሽ የታሪክ መጽሐፍ አንብቢ፣ ይሄ ጊዜ ማባከን ነው ትለኛለች። እኔ ግን ከትምህርት ቤቱ የታሪክ መጽሐፍ ይልቅ ያቺ ሽፋን የሌላት መጽሐፍ ናት ጎንደርን ያሳየችኝ።

ዘጌ ማዶ

እህቴ፣ የምትፈልጊው ከአንቺ በጀልባ አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ የሚባለውን የጻፈው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የዘጌ ልጅ ነው። መጽሐፉ በ1900 ዓ.ም. ሮም ታተመ። ያኔ ስሙ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር፣ አሁን ሁሉም «ጦቢያ» ነው የሚላት። ስስ ናት፣ በአንድ ተራሽ ትጨርሺያታለሽ።

ደግሞ የጠየቅሽው ሁሉ አለባት። አባት በጦርነት ይማረካል፣ ነጋዴ ገዝቶ ነፃ ያወጣዋል፣ ልጁ ዋሕድ ያን ውለታ ለመክፈል ገንዘብ ፍለጋ ወጥቶ ይጠፋል። እህቱ ጦቢያ እንደ ወንድ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትወጣለች። ከዚህ በኋላ ነው ጉዱ። የንጉሡ ዘመድ የሆነች ልጅ ጦቢያን ወንድ መስላት በፍቅር ትወድቃለች። አንባቢው ምስጢሩን ያውቃል፣ እዚያ ቤት ያሉት አያውቁም፣ መቼ ይገለጥ ይሆን እያልሽ ነው የምታነቢው። መጨረሻው ደግሞ ሰርግ ነው! ልቦለዳችን ሲጀመር በሰርግ ነው የጀመረው፤ በሞት መጨረስ በኋላ የመጣ ልማድ ነው ባይ ነኝ።

አማርኛው የድሮ ነው፣ ዓረፍተ ነገሩ ይረዝማል፣ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይከብዳል። ሦስት አራት ገጽ ከታገሥሽ ግን ይለመዳል። ደራሲው በወረራው ጊዜ ከጣልያን ጎን ስለቆመ ስሙን መስማት የማይፈልግ ሰው አለ፣ አልፈርድበትም። መጽሐፏ ግን ከዚያ ብዙ ዓመት ቀድማ የተጻፈች ናት።

ደንገል

እኔ ደግሞ ጣና ላይ የሆነ እውነተኛ ታሪክ ልንገርሽ። ቀዳማዊ ኢያሱ፣ ታላቁ ኢያሱ የሚባሉት ንጉሥ፣ ቅድስቴ የምትባል የሚወዷት ሴት ነበረቻቸው። እሷ ስትሞት ሐዘኑ ከበዳቸውና ቤተ መንግሥቱን ትተው ጣና ውስጥ ደሴት ገቡ። እሳቸው እዚያ ሳሉ ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት ነገሠ፤ እናቱ መለኮታዊት ከኋላው ነበረች። ከዚያ በፈረንጆቹ 1706፣ በእኛ 1699 ዓ.ም. ንጉሡ እዚያው ደሴት ላይ ተገደሉ። ገዳዮቹ የመለኮታዊት ወንድሞች ናቸው። ተክለ ሃይማኖትም ሁለት ዓመት ሳይሞላው ተገደለ። ቀጥሎ የነገሠው የኢያሱ ወንድም ቴዎፍሎስ መለኮታዊትንና ወንድሞቿን በሞት ቀጣ።

ፍቅር አለ፣ ሐዘን አለ፣ ደም አለ፣ ውሃ አለ። ገዳዩ የታወቀ ስለሆነ ምስጢር የለውም የሚል ይኖራል። እኔ ግን ሁልጊዜ የማስበው ሌላ ሰው ነው። ገዳዮቹ ደሴቲቱ ላይ በእግራቸው አልደረሱም፤ ያሻገራቸው ቀዛፊ አለ። ያ ሰው ማንን እንደጫነ ያውቅ ነበር? ማታ ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ ምን አላት? እሷስ አምናው ተኛች? አጭር ልቦለድ ለእኔ እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው። ንጉሡ ሩቅ ይሁኑ፣ ድምፃቸው እንኳ አይሰማ። አንድ ቀዛፊ፣ አንድ ሚስት፣ አንድ ሌሊት ይበቃል።

ለምስጢር ደግሞ ከጣና የተሻለ ቦታ አላውቅም። የደንገል ታንኳ ውሃ እንደሚጠጣ ታውቂያለሽ? ከቀዘፉበት በኋላ ዳር አውጥቶ አቁሞ ማድረቅ ግድ ነው። አለዚያ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል። ልጅ ሆኜ አጎቴ ታንኳውን ዛፍ ላይ አስደግፎ ሲያቆመው ከሥሩ ውሃው ጠብ ጠብ ሲል ቁጭ ብዬ እሰማ ነበር። እንግዲህ አስቢው። ጠዋት ዳር ላይ አምስት ታንኳ ቆሟል። አራቱ ደርቀው ቀለዋል፣ አምስተኛው ሲነካ እጅ ያረጥባል። ባለቤቱ ሌሊቱን ተኝቼ ነበር ይላል። ታንኳው ግን አልተኛም።

መምህር ከሽንብጥ

ልጆች፣ ጨዋታችሁ ደስ ብሎኝ ነው የገባሁት። ታሪክ ሳስተምር ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፣ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። በጓደኛሽ ነገር አልስማማም ልጄ። ክፍል ውስጥ ዓመተ ምሕረት ስደረድር የሚያንቀላፋ ተማሪ አንድ የተጣላ ባልና ሚስት ታሪኩ ውስጥ ሳስገባ ቀና ብሎ ያየኝ ነበር።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር ግን አለ። የድሮ ዘመን ልቦለድ ብለው ጽፈው ዘመኑን አያጣሩትም። በአንድ ታሪክ በፋሲል ዘመን ፍቅረኞቹ ባህር ዛፍ ሥር ተቀምጠው አየሁ። ባህር ዛፍ እኮ በምኒልክ ጊዜ የገባ ነው! እዚያው ታሪክ ውስጥ ነጋዴው ማርትሬዛ ብር ይቆጥራል። ፋሲል የነገሡት በፈረንጆቹ ከ1632 እስከ 1667 ነው፤ ማሪያ ትሬዛ ደግሞ ዙፋን ላይ የወጣችው በ1740 ነው፣ ብሯም ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። ገበያ ላይ አሞሌ ጨው ቢቆጥር እኮ እንዴት ያምርበት ነበር። አሞሌ ይሰበራል፣ ዝናብ ይፈራል፣ ሰው ይልሰዋል። የምስጢር ታሪክ ሲሆን ጉዳቱ ይብሳል። አንባቢው እያንዳንዱን ዕቃ እየጠረጠረ ነው የሚያነበው፣ ደራሲው ዕቃው ላይ ከተሳሳተ የቱን ፍንጭ ይመነው?

ደንገል፣ ስለ ቀዛፊው ያልከው ልቤን ነክቶኛል። ንጉሡን ሩቅ አስቀምጣቸው ያልከውም ልክ ነው። ዜና መዋዕሉ ስለ እሳቸው ብዙ ብሏል፣ ስለ ቀዛፊው ሚስት ግን ምንም።

ምንትዋብ ነኝ

በአንድ ነገር ከደንገል እለያለሁ። ገዳዩ አስቀድሞ ከታወቀ እኔ አላነበውም። መገመት እፈልጋለሁ። የሸርሎክ ሆምስ አጫጭር ታሪኮች 56 ናቸው፣ ሁሉንም ጨርሻቸዋለሁ፣ የምወዳቸው ፍንጩን አስቀድመው ፊቴ ላይ አስቀምጠውልኝ ሳላይ ያለፍኳቸውን ነው።

እንግሊዝኛ ካላስቸገረሽ ደግሞ ኤሊስ ፒተርስ የምትባል ደራሲ አለች። መርማሪዋ ካድፌል የሚባል መነኩሴ ነው፣ ዘመኑ 12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ አገሩ እንግሊዝ። ድሮ ወታደር ነበር፣ አሁን ገዳም ውስጥ የመድኃኒት ዕፀዋት ይተክላል። ረጃጅሞቹ ብዙ ናቸው፣ ሦስት አጫጭር ታሪኮቹ ብቻ የወጡባት ስስ መጽሐፍም አለች። ታሪኮቹ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዋደዱ ወጣቶች ይኖራሉ፣ ሽማግሌው መነኩሴ ያዝንላቸዋል፣ ያግዛቸዋል። አንቺ ፋርማሲ ስለምትሠሪ ቅጠሉን ሲቀምም ትወጂዋለሽ ብዬ ነው።

እሱን ሳነብ ሁሌም የሚታየኝ ጣና ነው። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም። አንድ ጠዋት የሴት ነጠላ ቅጽሩ ውስጥ ወድቆ ቢገኝስ? ማን አመጣው? አባቶች እንዴት ይደነግጡ ነበር! ይሄን ከእኛ በቀር ማን ይጽፈዋል?

ተረኛዋ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ መምህር፣ እርስዎ ያሉትን ለጓደኛዬ አነበብኩላት፣ ዝም አለች። «ጦቢያ»ን የምታውሰኝ ሰው አግኝቻለሁ፣ ቅዳሜ ተረኛ ስላልሆንኩ ዘጌ ሄጄ እዚያው ዛፍ ሥር ልጀምራት ነው። ምንትዋብ፣ ስለ ነጠላው ያልሽው ከጭንቅላቴ አልወጣም። ትናንት ሌሊት በደረሰኝ ጀርባ ላይ አንድ ገጽ ተኩል ጻፍኩ። የቀዛፊው ሚስት ናት የምታወራው። ባሏ ተኝቷል፣ እሷ ወጥታ ታንኳውን በእጇ ትዳስሰዋለች።

እዚያ ላይ ቆምኩ። ደንገል፣ በሞቴ አጎትህን ጠይቅልኝ። ያን ሌሊት ዝናብ ከነበረ ሁሉም ታንኳ ይረጥባል። ያን ጊዜ የተሻገረው በምን ይለያል?

ደንገል

ጠየቅኩት። ሳቀና «ዝናብ ላዩን ነው የሚያርሰው፣ ጣና ግን ከሆዱ ነው የሚገባው» አለኝ። ላዩን ትተሽ ሆዱን ትዳስስ።