«የኢዮብን ትዕግሥት ይስጥህ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ጠያቂ፦ ለቅሶ ቤት ዘወትር የምሰማው ምርቃት ነው። «አትጠይቅ፣ ዝም ብለህ ተቀበል» ማለት ነው? በእምነቱ ጥርጣሬ የገባውስ ሰው እንዴት ብሎ «አሜን» ይበል?

መላሽ፦ በዘልማድ «ቻለው፣ አታማር» ለማለት ነው የምንጠቀምበት። መነሻው ኢዮብ ልጆቹንና ሀብቱን ባንድ ቀን አጥቶ «እግዚአብሔር ሰጠ፥ እግዚአብሔርም ነሣ» ያለበት ቦታ ነው (መጽሐፈ ኢዮብ 1፥21)። መጽሐፉ ግን 42 ምዕራፍ አለው፤ እኛ ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንወጣም። በምዕራፍ 3 ኢዮብ የተወለደባትን ቀን ይረግማል። ከዚያም ምን በደልሁ እያለ ከፈጣሪው ጋር መዋቀስ ይሻል። «ያለ ኃጢአትህማ ይህ አይደርስብህም» የሚሉት ሊያጽናኑት የመጡት ወዳጆቹ ናቸው። ሰባት ቀን አብረውት መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር፤ የበደሉት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። በመጨረሻም «እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር አልተናገራችሁም» ተብለው የተገሠጹት እነሱ ናቸው (42፥7)። ስለዚህ ትዕግሥቱ መጠየቅን አይከለክልም። እየጠየቁ መቆየትም ትዕግሥት ነው።

ሌላ አባል፦ ኢዮብ እኮ በኋላ እጁን በአፉ ላይ ጭኖ ዝም ብሏል።

መላሽ፦ ልክ ነዎት፣ ግን ዝም ያለው ጠይቆ ጠይቆ፣ ፈጣሪም ካነጋገረው በኋላ ነው። መከራው ለምን እንደ ደረሰበት ያኔም አልተነገረውም፤ ምክንያቱን ሳያውቅ ነው ልቡ ያረፈው። ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ የተባለው የግእዝ የፍልስፍና መጽሐፍም (ደራሲው ማን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ ቢያከራክርም) እዚህ ላይ ይነሣል። ተሰዶ ዋሻ የገባው ሰው መዝሙረ ዳዊቱን ይደግማል፣ መልሶ ደግሞ «የሚሰማኝ አምላክ በእርግጥ አለን?» ብሎ በልቡናው ይመረምራል። «ሐተተ» በግእዝ መረመረ፣ ጠየቀ ነው፤ ዛሬ «ሐተታ አታብዛ» ስንል ያ ክብሩ ጠፍቶብናል። መጠራጠሩም ጸሎቱን አላስተወውም።

ሦስተኛ አባል፦ እኛ ሙስሊሞች «ሰብር አድርግ» (ታገሥ) እንላለን፤ የነቢዩ አዩብም (የኢዮብ) ሰብር ይነሣል። በሱረቱ ዩሱፍ ነቢዩ ያዕቁብ «መልካም ትዕግሥት» ያሉት ልጃቸውን ባጡ ጊዜ ነው (12፥18)። እዚያው ሱራ ውስጥ ደግሞ ሐዘናቸውን የሚያሰሙት ለአላህ ብቻ እንደ ሆነ ይናገራሉ (12፥86)። ለእሱ ማሰማት ከሰብር አያስወጣም።

መላሽ፦ ጠያቂው ሆይ፣ ጥርጣሬ የገባው ወዳጅ ካለዎት እኔ «ያጽናህ»ን እመርጣለሁ። «ጸና» ጠነከረ፣ ቆመ ነው፤ ዝም በል የሚል ትእዛዝ የለበትም።