ሶልቨሩ የወሩን አስቤዛ ዱቄት፣ ምስርና ጎመን ብቻ አደረገው፤ የትኛውን ገደብ ረሳሁ?

ቀማሪው (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የቤታችንን የወር አስቤዛ በሊኒየር ፕሮግራሚንግ (የተቀመጡ ገደቦችን ሳይጥስ ወጪን ዝቅተኛ ወይም ጥቅምን ከፍተኛ በሚያደርግ የሒሳብ ዘዴ) ለማስላት አስቤ፣ የገበያውን ዋጋ እንዲሁም የእያንዳንዱን ምግብ የካሎሪ፣ የፕሮቲን፣ የብረትና የቫይታሚን መጠን በኤክሴል ካሰፈርሁ በኋላ ወጪውን የመጨረሻ ዝቅተኛ እንዲያደርግልኝ ሶልቨሩን (ይህን የሚያሰላውን የኤክሴል መሣሪያ) አዘዝሁት። መልሱ ወሩን ሙሉ የስንዴ ዱቄት፣ ምስር፣ ጎመንና ጥቂት ዘይት ሆነ። ጤፍ የለም፤ ሽንኩርትና በርበሬ የሉም፤ ቡናም ካሎሪ የለህም ተብሎ ተሰርዟል። ባለቤቴ ወረቀቱን አንብባ፣ «የሚበላው ኮምፒውተሩ ከሆነ እኔ ተቃውሞ የለኝም» አለችኝ። ለሰው የሚሆን መልስ እንዲመጣ ምን ልጨምርበት?

ባለሲምፕሌክስ፦
አይዞህ ወንድሜ፣ ይህ ነገር በትልልቆቹም ደርሷል። ኋላ በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ጆርጅ ስቲግለር እ.ኤ.አ. በ1945 ዓ.ም. 77 ምግቦችን ከ9 ንጥረ ምግቦች አንጻር መዝኖ፣ አንድ ሰው በ1939 ዋጋ በዓመት 39.93 ዶላር እንደሚበቃው አስልቶ ነበር፤ ገበታው ግን የስንዴ ዱቄት፣ የቆርቆሮ ወተት፣ ጥቅል ጎመን፣ ስፒናችና ደረቅ ቦሎቄ ብቻ ነበር። በ1947 ያንኑ ጥያቄ በሲምፕሌክስ ዘዴ (የሊኒየር ፕሮግራሚንግ ጥያቄን መልሱን ደረጃ በደረጃ እያሻሻለ በሚፈታ ስሌት) ለመፍታት 9 ሠራተኞች በእጅ ማስሊያ ተቀምጠው፣ ድምሩ ወደ 120 የሰው ቀን የሚሆን ሥራ ሠርተው 39.69 ዶላር አገኙ። ይህ ሁሉ ድካም ለ24 ሳንቲም መሆኑ ነው።

የዘዴው ፈጣሪ ጆርጅ ዳንትዚግ ደግሞ ክብደት ለመቀነስ ፈልጎ፣ ከፍተኛ ጥጋብ የሚሰጠውን ምግብ እንዲመርጥለት ኮምፒውተሩን ጠየቀው። ጥጋብን የለካው ከምግቡ ክብደት ላይ የውኃውን ክብደት በመቀነስ ስለነበር፣ በሰንጠረዡ ላይ ውኃ እንደሌለው ተደርጎ የተመዘገበው አቼቶ አሸነፈና 500 ጋሎን ታዘዘለት። አቼቶው ሲሰረዝ፣ ለጨው ጣሪያ አልተቀመጠለትምና በቀን 200 የሾርባ ኩብ መጣ። በመጨረሻ ምግቡን የመረጡለት ባለቤቱ ናቸው፤ ክብደቱም ቀነሰ። የአንተም መልስ በጥቂት ምግቦች የተወሰነበት ምክንያት ደግሞ ይህ ነው፦ የተመረጡት ምግቦች ቁጥር ከገደቦቹ ቁጥር እንዳይበልጥ ማድረግ ሁልጊዜ ይቻላል፤ ሲምፕሌክስም የሚሰጥህ እንዲህ ያለውን መልስ ነው።

የሒሳብ መምህር፦
ገደብ በተጨመረ ቁጥር ዝቅተኛው ወጪ ባለበት ይቆያል ወይም ይጨምራል እንጂ ፈጽሞ አይቀንስም። ይሁን እንጂ ሥጋን፣ ወተትንና ቅቤን የሚከለክለው ዐቢይ ጾም ሲገባ በብዙ ቤት የአስቤዛው ወጪ ይቀንሳል። ይህ ቲዎሪውን አያፈርስም፤ ከጾሙ በፊት ማናችንም ወጪን ዝቅ ለማድረግ እንዳልበላን ብቻ ያስረዳል። ስለዚህ የጎደለዎት ገደብ ብቻ አይመስለኝም፤ ሶልቨሩ ዝቅ የሚያደርገውና ባለቤትዎ ከፍ ለማድረግ የሚደክሙበት ነገር ለየቅል ነው።

ወይዘሮዋ የሒሳብ ሠራተኛ፦
መምህሩ ዓላማውን ሲያስተካክል ይክረም፤ አስቤዛው ግን ለዚህ ወር ነውና ገደቦቹን ልንገርህ። ሽንኩርትን ለብቻው ከምስር ጋር አታወዳድረው፤ ሽንኩርት ያልገባበት ምስር ንፍሮ እንጂ ወጥ አይደለምና በሁለቱ መካከል የጥምርታ ገደብ አስገባ። ለእንጀራ በቀንና በሰው ዝቅተኛ መጠን ወስን። ቡናን ከምግቦቹ ተርታ አውጥተህ እንደ ቤት ኪራይ ቋሚ ወጪ አድርገው። ድንገት ለሚመጣ እንግዳም መጠባበቂያ ያዝ።

አማትህ የሚመጡበትን ሳምንት ለብቻው አስላ። በዚያ ሳምንት ዶሮ ከዜሮ መብለጡ ብቻ አይበቃም፤ ሙሉ ቁጥር መሆን እንዳለበት ካልነገርኸው ሶልቨሩ 0.4 ዶሮ ብሎ ይመልስልሃል፤ አማትህ ግን 12ቱን ብልት ቆጥረው ነው የሚቀመጡት።

ቀማሪው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የተባለውን ሁሉ አስገብቼ፣ ከደመወዜ አንጻር ለጠቅላላው ወጪም ጣሪያ ባስቀምጥለት፣ ሁሉንም ገደቦች የሚያሟላ መፍትሔ የለም አለኝ። ገደቦቹን በየተራ እያወጣሁ ስሞክር በጀቱ የሚበቃው አንዱን ስሰርዝ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ እርሱም የአማቴ ሳምንት ነው።

ወይዘሮዋ የሒሳብ ሠራተኛ፦
ፋይሉን በይለፍ ቃል ቆልፈው።